የተደፈነው በር

ልጄ ሰርካለም፣ የደብራችን ታቦት ያለሽበት ድረስ ይከተልሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ የኮሶዬው ገብስም ሸጋ ሆኖልናል።

በቀደም ግን አንድ ጠና ያለ ሰውዬ መጥቶ፣ «በጎንደር አሮጌ ቤቶች ማን ይኖር እንደነበር አጠናለሁ» አለኝ። ምነው ታዲያ የጎረቤቱን ትቶ የኛን ብቻ? ሳልመራው ጓሮ ዞሮ ግድግዳውን እየዳበሰ፣ «እናቴ ቤተ ክርስቲያኑን የምትሳለምበት በር እዚህ ነበር» አለ። ያን በር አባትሽ የደፈነው ከመጋባታችን በፊት ነው፤ ንፋስ ያስገባል ብሎኝ ነበር። ስለ ሰውዬው ስነግረው፣ ነገሬን ሳልጨርስ «ሞቷል ብለውኝ ነበር» አለና ተነስቶ ወጣ።

ላንቺ አንጀቱ አይጨክንም፤ ስትደውዪ ቤቱን ከማን እንዳገኘው ቀስ ብለሽ ጠይቂልኝ። እመብርሃን አንቺን ትጠብቅሽ፤ እኛንም ከሰው እንባ ታውጣን።

እናትሽ የትነበርሽ