የመዶሻው እጀታ

ለማከብርሽ (ይህን እየሳቅሁ ነው የጻፍሁት) ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጥርስሽስ ተሻለሽ? እናታችን የጎረቤት ዶሮ ማባረሩን ትታለች? እኔ እዚህ ኮሪያ፣ ተራራ ሥር እንደ ድንች ተቀብሬ ደህና ነኝ።

ለሠርግሽ ኔፓል እገባለሁ ብዬሽ ነበር። እንግዲህ ጥፋቴን ስሚ፤ ለእናታችን ግን አታንብቢላት።

የመኖሪያ ፈቃዴ በሸክላ ሠሪው በመምህር ፒዮ ፊርማ መሆኑን ታውቂያለሽ። ዝም ብዬ ብሄድ መመለሻ የለኝም። የሽማግሌው እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። ጨረቃ የሚሉት ነጭ እንስራ ደግሞ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አፍ ለአፍ ተገጥሞ ነው የሚሠራው፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ወገቡ ይዘምማል። በመኸር ለቀልድ ብዬ የሳቸውን ደብቄ የኔን እቶን ውስጥ ከተትሁ። ሲወጣ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደው የጣቴን ፈለግ ብዙ ዳሰሱት፤ ከዚያ ሣጥኑ ላይ ስማቸውን ጻፉ። ጎብኚው «የስድሳ ዓመት እጅ» እያለ ሲያደንቅ ሳቄን ዋጥሁት። «ግራኙ» እያልሽ የምታሾፊብኝ ልጅ የስድሳ ዓመት እጅ ሆንሁልሽ።

ከዚያ ወዲህ እንስራው ሁሉ በኔ ላይ ወደቀ። ፈቃድ ስጠይቅ «ከሚቀጥለው እሳት በኋላ» ይሉኛል። ግቢው አጥር የለውም፤ መውጫው ግን አይታየኝም።

ትናንት እቶኑ ተከፈተ። እዚህ ጉድለት ያለበት ዕቃ ከግቢ አይወጣም፤ እዚያው በመዶሻ ይሰበራል። ሁለት እንስራ ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ ከስንት ጊዜ በኋላ ራሳቸው የሞከሩት። መዶሻውን ሰጡኝና «ለኤግዚቢሽኑ አንድ ነው የሚሄደው፤ ሌላውን ስበር። የኔ ከሄደ ገና እችላለሁ ማለት ነው፤ አንተም ወደ እህትህ ሂድ። የመሄጃ ወረቀትህን ፈርሜያለሁ» አሉ።

«መምህር፣ ሁለቱም እንደ እርስዎ ቦርጫም ናቸው፤ እንዴት ልለይ?» አልኋቸው።

«ዓይንህ ቦርጭ አላወጣም» አሉኝ።

የሳቸው ወገቡ ላይ ዘመም ብሏል። ትንሽ ናት፤ አንቺ አታይያትም፣ ሙሽራውማ ጨርሶ። የኔን መስበር ነበረብኝ። አንቺን አሰብሁ፣ ምዬልሻለሁ። ግራ እጄ ግን ዘመም ያለውን መታው።

አልተቆጡም። ስባሪውን እየለቀሙ «ሣጥኑ ላይ ስምህን ጻፍ፤ በራስህ ፊደል» አሉ። ስለ ወረቀቱ አልጠየቅኋቸውም።

መዶሻውን ሳስቀምጥ እጀታውን አየሁት። በጣቴ ልክ ተጠርቧል፤ ለግራ እጅ። እንጨቱ ግን አዲስ አይደለም፤ በመኸር እንስራዬን ከዳሰሱበት ቀን ጀምሮ ጭስ ሲጠጣ የከረመ ነው።

ሙሽራ ሆነሽ ከቤት ስትወጪ ለስንብት ለየዘመዱ አሥር አሥር የምታድዪውን የሚታኘክ ጠንካራ ፍሬ፣ የኔን ድርሻ መሐረብ ውስጥ ቋጥሪልኝ። እኔ እንኳ ጥርሴ ደህና ነው፤ ቢደርቅም እበላዋለሁ። ትዳርሽን መጋጠሚያው የማይታይ እንስራ ያድርግልሽ።

በእጁ የተያዘው ግራኙ ወንድምሽ