ለሬሳዬ ስለ ተላከልኝ የአበባ ጉንጉን

ለክቡር ዶክተር ሃሶ ፍሪዴባልድ
የሊንደንሮዳ የጥንታዊ ኅትመትና የመጽሐፍ ጥበብ ሙዚየም ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለክብርት ባለቤትዎ ጤና፣ እንዲሁም ባለፈው ዓመት በአዲስ መልክ ለተሠራው የሙዚየምዎ ጣሪያ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። የእኔን ጤንነት ለማወቅ ከፈለጉ፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ከመሞቴ በቀር እጅግ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ለማመስገን እንጂ ለመክሰስ አይደለም። በከተማችን «ኦትሊንደ ክራህመርን ቅናት ነው እንዲህ የሚያደርጋት» የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ቅናት አይደለም። ዛሬ ሙዚየም በሆነው ማተሚያ ቤት፣ እስኪዘጋ ድረስ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደሎችን አንድ በአንድ እያነሣሁ ቃል የምደረድር ፊደል ለቃሚ ሆኜ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አቶ ኤኬሃርድ ፎልራትም እንዲሁ። የእኔ የፊደል ሳጥን በመስኮቱ በኩል ነበር፣ የእሳቸው ከምድጃው አጠገብ። ክረምት ክረምት ጣቶቼ ሲደነዝዙ እሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ይሠሩ ነበር። የሙያ ሥልጠናችንን ጨርሰን፣ በአታሚዎች የቆየ ደንብ መሠረት በሥራ ባልደረቦቻችን በርሜል ውስጥ የተነከርነው በአንድ ቀን ሲሆን፣ እሳቸው በንጹሕ ውሃ፣ እኔ ደግሞ እሳቸው በወጡበት ውሃ ነው። ይህንን የማነሣው ለታሪክ ያህል ብቻ ነው። ወደ ጉዳዬ ልግባ።

አንደኛ፤ በመግቢያው ላይ «የዚህ ቤት የመጨረሻዎቹ ፊደል ለቃሚዎች» የሚል ሰሌዳ ስላቆሙልን አመሰግናለሁ። ለሰሌዳው ምረቃ ስላልተጠራሁ ቲኬቴን ቆርጬ ከጡረተኞች ማኅበር ጋር በመጀመሪያው ሳምንት ገባሁ። በሰሌዳው ላይ ሁለት ስም አለ። የመጀመሪያው ኤኬሃርድ ፎልራት ነው። ሁለተኛውም ኤኬሃርድ ፎልራት ነው። እኔ የለሁም። አስጎብኚያችን፣ በጣም ጨዋ ወጣት ሴት ናት፣ ሁለቱ ስሞች ለምን አንድ እንደሆኑ አንዱ ጡረተኛ ቢጠይቃት ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ አባትና ልጅ መሆናቸውን፣ ጥበቡም በዘር የወረደ መሆኑን አስረዳችን። አቶ ፎልራት የቆዳ ሽርጣቸውን ታጥቀው ከማተሚያው ኋላ ቆመው ይህን ሁሉ ይሰሙ ነበር። እኚህ ሰው እንኳን ልጅ ድመት የላቸውም። በአጠገባቸው ሳልፍ ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጅህ ደህና ነው?» አልኳቸው። «እያደገ ነው» አሉኝ።

ሁለተኛ፤ ስሕተቱ በቶሎ እንዲታረም በማሰብ በቲኬቴ ጀርባ አጭር ማስታወሻ ጽፌ ለጸሐፊዎ ሰጠሁ። ቃል በቃል እንዲህ የሚል ነበር፦ «በአቶ ፎልራት በኩል ሠርግ አለ። በወይዘሮ ክራህመር በኩል ሬሳ አለ። እባክዎ ይታይልን።» በእኛ ሙያ፣ ክቡርነትዎ፣ አንድ ቃል በስሕተት ሁለት ጊዜ ከተለቀመ ሠርግ ይባላል፤ መኖር ያለበት ቃል ከተዘለለ ሬሳ ይባላል። አያቶቻችን ያወጡት ስያሜ ነው፣ ማተሚያ ቤት ወለል የጠረገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በመጽሐፍ ታሪክ ዶክትሬት ያለው፣ አሥራ አራት ሺህ የእርሳስ ፊደል የሚያስጠብቅ ኃላፊም ያውቀዋል ብዬ መገመቴ የእኔ ድፍረት ነው፤ ለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ለአቶ ፎልራት ቤት ነጭ ጽጌረዳ፣ በአገራችን ለሙሽሮች የሚሰጠው ዳቦና ጨውም በቅርጫት ሆኖ፣ «ለአዲሱ ጎጆ» ከሚል ካርድ ጋር ደረሰ። ለእኔ ቤት ጥቁር ጥብጣብ ያለው የአበባ ጉንጉን ደረሰ። አድራሹ ሰው ኮፍያውን አውልቆ «የሟቿ ቤተሰብ ነዎት?» አለኝ። «በጣም ቅርብ ነኝ» ብዬ ፈረምኩለት። ከታች ፎቅ የምትኖረው ወይዘሮ ትሩድል ጉንጉኑ ሲወጣ በመስኮቷ አይታ ኖሮ ለለቅሶ የሚጋገረውን ኬክ ይዛ ስትወጣ ደረጃው ላይ ከሟቿ ጋር ተገጣጠመች። ደንግጣ ግድግዳውን ያዘች። ከዚያ «እንግዲህ አንዴ ጋግሬዋለሁ» አለችና አብረን በላነው። ኬኩ መልካም ነበር። ለቀብሬ ከዚህ የተሻለ አልጠብቅም።

ሆኖም ለእውነት ስል ልናገር፣ ጽጌረዳው ከጉንጉኑ ይበልጥ ያምር ነበር። ስንት እንደሆነ ሄጄ ቆጥሬአለሁ፤ ሃያ አራት ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ፍጥነትዎ። ከሳምንት በኋላ ሰሌዳው ተነሥቶ አዲስ ተተካ። ስሜ ገባ። ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቼ ያላገኘሁትን ግድግዳ ሞቼ አገኘሁት፤ ከስሜ ቀጥሎም የሟች ምልክት፣ ትንሽ መስቀል፣ ተደርጎልኛል። ከእኔ በላይ የአቶ ፎልራት ስም አሁንም ሁለት ጊዜ አለ፤ አስጎብኚዋም ልጁ በቅርቡ ማግባቱን ለጎብኚዎች ትናገራለች። መስቀሉን ቀረብ ብዬ አየሁት። ከስሜ ፊደል ዓይነት ጋር አይሄድም፤ ወፍራም ነው፣ ከሌላ ሳጥን የመጣ ነው። ሞቴን እታገሠዋለሁ፣ በተሳሳተ ፊደል መሞትን ግን ሃያ ሦስት ዓመት የሠራሁበት ዓይኔ አልታገሥ አለኝ።

ሰሌዳው በእጅ የተለቀመ ስለሆነ ማን እንደለቀመው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቢሆንም ሄጄ ጠየቅኳቸው። አቶ ፎልራት እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እንዲህ አሉኝ፦

«ስምሽን ከነመስቀሉ ልቀም ተባልኩ። መስቀሉን ትቼ ስሙን ብቻ ብለቅም ኖሮ፣ የሞተች ሰው ያለ መስቀል ምን ትሠራለች ብለው ሁለቱንም ያወጡት ነበር። ስምሽ ይግባ ብዬ ነው፣ ኦትሊ።»

ክቡርነትዎ፣ ከዚህ ሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው። ሰውዬው ደግ ሆነው ተገኙ። ምድጃውም የእሳቸው፣ ንጹሑ ውሃም የእሳቸው፣ ጽጌረዳውም የእሳቸው፣ አሁን ደግነቱም የእሳቸው ሆነ።

አምስተኛ፤ ቅዳሜ። ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አቶ ፎልራት የጎብኚዎችን ስም በእርሳስ ፊደል እየለቀሙ፣ በወረቀት እያተሙ ያድላሉ። ሰው ስሙን ገና ቀለሙ ሳይደርቅ በሁለት እጁ ይዞ እየሳቀ ይወጣል። ይህን የማውቀው ከፊት ለፊት ካለው ዳቦ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሆኜ ስለማይ ነው። በየሳምንቱ አያለሁ። አንድ ስም ለመልቀም አራት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። እኔ በአንድ ደቂቃ ተኩል እጨርሰው ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን። ከዚህም በላይ፣ ለፎቶግራፍ ብርሃኑ ይሻላል ተብሎ ያስቆሟቸው በመስኮቱ በኩል ባለው ሳጥን ላይ ነው። ያ ሳጥን ሳጥን የእኔ ነው። በመሃል ካሉት ክፍሎች የአንዱ የእንጨት ጠርዝ ተጎድጉዶ አይተው ይሆናል። ብል የበላው አይደለም፤ ብዙ የሚፈለገው ፊደል የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ የጎደጎደውም በእኔ ጣት ነው።

በወር አንዲት ቅዳሜ እንድትሰጠኝ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ ቦታው የተያዘ መሆኑ ተነግሮኛል። ባለፈው ማክሰኞ ለሦስተኛ ጊዜ ስደውል ጸሐፊዎ በሐዘኔታ ድምፅ፣ ወይዘሮ ክራህመር ማረፋቸውን፣ ስለዚህ በተራ ዝርዝር ውስጥ ሊገቡ እንደማይችሉ ገለጸችልኝ። እኔው ነኝ ብላት፣ መዝገቡ ላይ የሰፈረውን መለወጥ ሥልጣኗ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለውን ሰምቼ አውቃለሁ፤ ሁለቱን በአንድ ጽሕፈት ቤት ማግኘት ግን ብርቅ ነው።

እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ጣቶቼ ዛሬ ይሠራሉ፤ የሚቀጥለውን ዓመት አላውቅም። ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። መስቀሉ ይነሣልኝ። ከአቶ ፎልራት ስሞች አንዱ ይነሣ፤ ልጃቸው ያዝንብኛል ብዬ አልሰጋም። በወር አንድ ቅዳሜም በሳጥኔ ፊት ልቁም። የቀረውን ሁሉ፣ ምድጃውንም ጨምሮ፣ ትቼዋለሁ።

በሕይወት ሳለሁ ያልተጓደለ፣ ከሞትኩም ወዲህ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ የመጣ ጥልቅ አክብሮቴን፣ ለላኩልኝ ጉንጉንም ከዚህ ዓለም ሰዎች ጥቂቶች ብቻ በአካል ተገኝተው ሊያቀርቡት የሚችሉትን ምስጋና እያቀረብኩ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ ሟች፣
ኦትሊንደ ክራህመር
ፊደል ለቃሚ፣ በመስኮቱ በኩል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በአቶ ፎልራት ምድር ቤት ባለችው ትንሽ ማተሚያ ላይ ራሴ ለቅሜ ሁለት መቶ ቅጂ አትሜአለሁ። እሳቸው የሙከራውን ቅጂ አንብበው «አንድ ሬሳ አለብሽ፤ አራተኛው የለም» አሉኝ። ይተውት አልኳቸው። አራተኛው አንዲት ቃል ነበረች፦ እቀናለሁ። በአምስተኛው ውስጥ ደግሞ አንድ ሠርግ አለ፤ አቶ ፎልራት ወዲያው ነው ያገኙት። እርስዎም ፈልገው ካገኙት፣ ክቡር ዶክተር፣ እባክዎ አበባ አይላኩ፤ ቅዳሜዬን ይላኩልኝ።