ከድግስ ወጥቶ መመለስ

አሶሳ፣ ጥር ፲፫ ቀን ፲፰፻፺፬ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ወንበራ፣ ለልጄ ለማናለብሽ።

ልጄ፣ ዓይኔ፣ እንዴት ከርመሻል? እኔ ጤናዬ ደኅና ነው። ቀን ቀን የሹሙን ቃል ለበርታ ሽማግሌዎች፣ የሽማግሌዎቹን ለሹሙ ሳስተረጉም እውላለሁ።

ማር ነጋዴው አበራ መጥቶ ነገረኝ። በዋርሳሽ ሰርግ መካከል ተነሥተሽ ከጎተራው ጀርባ ብቻሽን ተቀምጠሽ አገኙሽ አሉ። አማትሽ እመት ከበደችም «ዛር ይዟታል፣ ለባለ ዛር እናሳያት» ማለቷን ሰማሁ። ልጄ፣ ዛር አይደለም። ከእኔ የወረስሽው ጠባይ ነው።

ባለፈው ወር አስጠግቶ የሚያኖረኝ የበርታው ነጋዴ ባቢከር ልጁን ዳረ። የቅል መለከት ሲነፋ፣ ሰው ሁሉ ሲያወራኝ፣ እኔም በአማርኛና በበርታ አፍ ስመልስ ዋልኩ። ማምሻውን ፈገግታዬ እንኳ ከበደኝ። ሹልክ ብዬ ከቤቱ ጓሮ ካለው ቀርከሃ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ባቢከር ፈልጎ አገኘኝ።

«ፈንታ፣ ቤቴ ምን አጣህ? ሰው አስቀየመህ?»

«ማንም አላስቀየመኝም። ሰው ሲበዛብኝ ነፍሴ ትዝላለች፤ ዝም ብዬ ስቀመጥ ትመለሳለች።»

ጥቂት አሰበና «የኔ እናት እንዲህ ነበር» አለ በዚያ ሴት ከወንድ በማይለይ አማርኛው። «ግን ሲሄድ ‹እመጣለሁ› ይላል። እኛ አንፈራም።»

ትቶኝ ሄደ። ነፋሱ ቀርከሃውን ሲያፋጨው እየሰማሁ ቆየሁ። ልቤ ሲረጋ በገዛ እግሬ ተመልሼ ከመለከተኞቹ ጋር እስከ መጨረሻው ጨፈርኩ።

አንቺም ከመውጣትሽ በፊት ለአማትሽ «እመለሳለሁ» በያት። በድግስ ማግስት የሩቁን ምንጭ ውሃ እኔ ልቅዳ በይ፤ መንገዱ ያሳርፍሻል። ለእርሷም በአበራ ቃል ልኬአለሁ። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ትሰማለች።

እናትሽ ነፍሷን ይማርና፣ ከሰው መሃል ደክሜ ስገባ ምንም ሳትጠይቀኝ እሳቱ ዳር ቦታ ትለቅልኝ ነበር። አሁን ከቀርከሃው ስመለስ ጎጆዬም እንደ ቀርከሃው ጭር ብሎ ይቆየኛል። አንዳንድ ቀን ሥራ ከሌለኝ ገበያ እወጣለሁ። የምገዛው ኖሮኝ አይደለም።

ዓባይ ጎድሏል፣ መሻገሪያው ደኅና ነው ይላሉ። ባልሽ ከፈቀደ ከአበራ ጋር ነይ። ማውራት የለብሽም፤ ብቻ ነይ። ካልተመቸሽም አትጨነቂ፣ እኔ ምንም አልሆንኩ።

በቆምሽበት ሞገስ፣ በተኛሽበት ሰላም ይስጥሽ። ያማቶችሽን ልብ ያራራልሽ።

አባትሽ ፈንታ