ወፈረች ያልኩህ ልጅ

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፦

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የእማማ ሳልስ ለቀቃት? ሚስትህና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ አለሁ፣ መኖር ከተባለ። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያልኩህ ረስቼህ ሳይሆን ልጄ ታማብኝ ስሯሯጥ ነው።

ባለፈው ደብዳቤዬ «ሚጢጢዬ ወፈረችልኝ፣ ጉንጯ ድቡልቡል አለ» ብዬህ ነበር። ለካስ ሳላውቅ ዋሽቼህ ኖሯል። ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ፣ ፊቷ ሞላ» ሲለኝ አምኜ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን በየቤቱ የምትዞረው የጤና ሠራተኛ መጥታ የልጄን እግር በአውራ ጣቷ ተጭና ስትለቀው፣ እንደተሰረጎደ ቀረ። በክንዷ ላይ ያዞረችው የውፍረት መለኪያ ጥብጣብም የአደጋ ምልክት በሆነው ቀዩ ላይ ቆመ። «ይሄ ውፍረት አይደለም እናቴ፤ የምግብ እጥረት ያመጣው እብጠት ነው» ስትለኝ ልጄን አዝዬ ተከተልኳት።

ድሮ ለዚህ በሽታ የሚሰጠው፣ በትንሽ ከረጢት የታሸገው የለውዝ ምግብ የሚገኘው ከተማው ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዘንድሮ እዚሁ ሰፈራችን ጤና ኬላ ድረስ መጥቶልናል። ግን መጀመሪያ እዚያው ሠራተኞቹ ፊት መብላት አለባት፤ እምቢ ካለች ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። መንገዱን ደግሞ ጎርፍ ወስዶታል። ልጄ አፏን ግጥም አደረገች። በጣቴ ባቀምሳት ተፋችው። የጤና ኬላው ነርስ «አትጨቅጭቂያት፣ ፍርሃትሽ ይጋባባታል» ብላ ከሰው ለይታ ጥግ አስቀመጠችን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ከንፈሯን ላሰች፣ ከዚያ እጄን ይዛ ወደ አፏ ጎተተችው። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ እሷማ ትበላ ነበር።

በሳምንቱ ሚዛን ላይ ስትወጣ ኪሎዋ ቀንሶ ተገኘ። «አለቀችብኝ!» ብዬ ጮህኩ። ነርሷ ሳቀችብኝ፤ «የወጣው ውሃው ነው፣ ልጅሽ ገና አሁን ታየች» አለች። እውነትም ከሥሩ አጥንት ብቻ ነበረች። ዛሬ አምስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ደገፍ ብላ ትቆማለች። ቢሆንም ምግቡ የሚታደልበት ሐሙስ በመጣ ቁጥር «ዛሬ የምግቡ ካርቶን ባዶ ቢሆንስ?» እያልኩ ገና ሳይነጋ መጥቼ ተራ እይዛለሁ።

አንድ ነገር ግን ለብቻህ ላጫውትህ። እማማ ስለ ሟቿ ታላቅ እህታችን ስታነሳ፣ «ወፍራ፣ አምሮባት ሳለ ነው ድንገት የሄደችብኝ፤ ዓይን በልቷት ነው» ትል የለ? የእሷም ውፍረት እንደ ሚጢጢዬ እብጠት ከነበረስ? ልንገራት ወይስ ይቅር? እኔ ፈርቻለሁ፤ አንተ አስብበት።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ። ሚስትህን ናፍቀሻታል በላት። ትልቋን ልጅህን በርቺ፣ ትንሹን አትረብሽ በልልኝ።

እህትህ
ከጤና ኬላው ደጅ፣ ተራ እየጠበቅሁ
ኅዳር ፱ ቀን፣ ሐሙስ