የሰሚራ ሊኑክስ

ወልቂጤ፣ ማክሰኞ ግንቦት 4

ዛሬም ኮምፒውተሩን ስከፍት ሁለት ስም ደርድሮ የቱን ልክፈት አለኝ። ዊንዶውሱ የኔ ነው፣ የሟቹ ባለቤቴ ፎቶዎች ያሉበት። ሊኑክስ የሚባለውን ሌላውን የኮምፒውተር ሲስተም ልጄ ሰሚራ ናት አምና ለአረፋ ስትመጣ ለትምህርቷ ብላ ከጎኑ የጫነችው። ያኔ "የአባትሽን ፎቶ እንዳታጠፊብኝ!" ብዬ አላስነካ ስላት፣ መጀመሪያ ሁሉንም ፍላሽ ላይ ገልብጣ አሳየችኝ።

ከሰዓት ከአዲስ አበባ ደወለች።

"እማ፣ የራሴን ላፕቶፕ ገዛሁ እኮ! የኔን ሊኑክስ ለባለሙያ ሰጥተሽ አስጠፊው፣ ቦታ ይዞብሻል። ብቻ ራስሽ እንዳትነካኪው፣ ኋላ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳ ይልሻል።"

"ማሻአላህ! ለአረፋ ስትመጪ አንቺው ታጠፊዋለሻ። የቅቤ እቁቡም ደርሶኛል፣ ለክትፎሽ ይሆናል።"



"ዘንድሮ እንኳ እንጃ እማ፣ ሥራው..."

"እንግዲያው ይቀመጥ። የልጄን ዕቃ ለባዳ አላስነካም።"

"ዕቃ አይደለም እኮ እማዬ!" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁላት።

ስልኩ ሲዘጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሷን መርጬ ከፈትኩት። ስሟን አወጣና የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። አላውቀውም። ደውዬ ብጠይቃት ምን ልትሠሪበት ነው ትለኛለች፤ ምን እላታለሁ? ስሟን እያየሁ፣ ስክሪኑ ራሱ እስኪጨልም ተቀመጥኩ።