ለጁላይ ያልደረሰው ኬይቶ

ሜይ 11

ዛሬ ኬይቶ የሚባለውን አበባ ዘራሁ። ዘሩ ከቁንጫ አይበልጥም። ባስነጥስ ሁሉም ይበን ነበር... አማቴ እማማ ኪኑ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ያዩኛል። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ዐይናቸው ግን ከእኔ ይበረታል።

«አፈር አታብዢበት። ልትቀብሪው ነው እንዴ?»

ባለቤታቸው አባባ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብለን ከኦሳካ ወደ ቶኪዮ ጓዛችንን ጠቅልለን ገባን። ሁለት ወር እንኳ አልሞላንም። ዘንድሮ አባባ ከሞቱ የመጀመሪያው ቦን፣ የሙታን በዓል፣ ነው። ሙታን ሁሉ ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ ፎቷቸው ፊት የገዛ ግቢያችን አበባ እንዲቆም እፈልጋለሁ። ቀይ፣ የአውራ ዶሮ አናት የሚመስለው። ይወዱት ነበር። ይሳካልኝ ይሆን?

ሜይ 19

በቀለ! እማማን ጠርቼ አሳየሁ። «ይቺ ናት?» ብለው ገቡ። ቆይተው መነጽራቸውን አድርገው ተመለሱ።

ጁን 14

ስንዝር ስለሆነ ጫፉን ቀጠፍኩት። እማማ ጮኹ። «ምነው፣ ምን አደረገሽ?»

ቅርንጫፍ እንዲያበዛ ነው አልኳቸው። «እኔንም እንዲህ የሚቀጥፈኝ ባገኝ ኖሮ አምስት እወልድ ነበር!» ባሌ ዮሺሂሳ አንድ ልጃቸው ነው። እራት ላይ ትዝ ብሎኝ እንደገና ሳቅኩ።

ጁን 22

ጉድ ፈላ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ቶኩናጋ፣ «ለመጀመሪያው ቦን የሚሰቀለውን ነጩን ፋኖስ ገዛችሁ? ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» አለችኝ። ሦስት ሳምንት? ቦን በኦገስት አይደል እንዴ?

«እሱ የናንተ የኦሳካዎቹ ነው። እዚህ በጁላይ ነው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በኦገስት ነበር የምንመጣው! ዮሺሂሳን ያዝኩት። «እሱማ የሥራ እረፍቴ ስለሆነ ነው» አለ፣ ሾርባውን እየማገ። ለምን አልነገርከኝም? «ታውቂያለሽ ብዬ...»

የዚህን ሰው ነገር ምን ይሉታል? ኬይቶው ገና ጉልበቴ ጋ አልደረሰም።

ጁን 23

ሆድ ይፍጀው ብል አልሆነልኝም። ለእማማ ነገርኳቸው። እንባዬ መጣ፣ በአበባ!

«ስትዘሪው ነው ያወቅኩት» አሉ።

«ታዲያ ዝም አሉኝ?»

«አዎ፣ ዝም አልኩ።»

ተናድጄባቸዋለሁ። ለራሴ እንኳ እውነቱን ልጻፍ።

ጁላይ 13

አባባ መጡ። አበባው የተገዛ ነው። እማማ ለፎቶው፣ «ምራትህ ቀን መቁጠር አታውቅም። ዘንድሮን ቻለው» አሉት። አፈርኩ... ሳቄም መጣ።

ጁላይ 30

ቀላ! ገና ጡጫ አያክልም፣ ግን ከፋይ ነው። እማማ ጠዋት ጠዋት እየወጡ ይዳብሱታል። ዛሬ እጃቸው አበባው ላይ እንዳለ፣ «በእናቴ አገር ቦን በኦገስት ነው» አሉ።

የተዳሩት ከሺንሹ ነው፣ ከተራራው መንደር። ወንድማቸው ሲሞት የእናታቸው ቤት ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በቦን ለእናታቸው መንገድ የሚያሳይ እሳት ደጃፍ ላይ የሚለኩስ ሰው የለም። አስራ አንድ ዓመት።

«እዚህ ለምን አልለኮሱም?»

«የባሌ ቤት ነዋ። በምን አፌ?» አበባውን እንደገና ዳበስ አድርገው፣ «አንቺ በሜይ ስትዘሪ ሳይሽ... ለኦገስት ይደርሳል ብዬ እየቆጠርኩ ነበር» አሉ።

እየቆጠሩ! እኔ ደግሞ ተናድጄባቸው ነበር። ምነው ምላሴን... ደግነቱ በአፌ አላወጣሁትም።

ኦገስት 13

ጤዛው ሳይደርቅ ቆረጥነው። አስራ ዘጠኝ ራስ ወጣው። ቅጠሉን እኔ መለመልኩ፣ እሳቸው መረጡ። ዘጠኙን ዘቅዝቄ ጨለም ያለው ጓዳ ሰቀልኩት፣ ደርቆ ክረምቱን እንዲያከርመን። ትልልቆቹ አስሩ የእናታቸው ናቸው። ፎቶ የላቸውም። ስማቸውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ ሳኪ። የአባባን ፎቶ ትንሽ ጠጋ አደረግነው። «በዚህ ቤት ስልሳ አምስት ዓመት ብቻውን ተንደላቋል፣ ለአማቱ ቦታ ይልቀቅ» አሉ እማማ።

ሊመሽ ሲል ደጃፍ ላይ እሳቱን ለኮስን። እማማ ብድግ ብለው፣ ዮሺሂሳን ተደግፈው፣ ወደ መንገዱ ጮክ ብለው ተጣሩ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፣ የልጅ ድምፅ ነበር።

«እማ! በዚህ በኩል ነው። ቤቱን አታውቂውም፣ እኔ እዚህ ነኝ!»

ሮጬ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።