ለእንግዳ ሲባል ስለለመለሙት አርባ የዘይቱን ዛፎቼ

ለተከበሩ አቶ አሰግድ፣
የመስክ ጉብኝት አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ሸዋ ሮቢት

ክቡር ሆይ፣ የሮቢት ሙቀት የማይደፍረው ጤና ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ይስጥልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ አርባዎቹ የዘይቱን ዛፎቼም ከእኔ በላይ ደህና ናቸው። ችግሩም እሱ ነው።

እርስዎ እንደሚያውቁት ዘይቱን በክረምት ካፈራ ፍሬውን ትል ይቀድመናል። ስለዚህ ግንቦትን ውሃ ተነፍጎ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲጠጣ በአበባ ይሸፈናል፤ ፍሬውም በበጋ፣ ዘንድሮ ደግሞ ለረመዳን ማፍጠሪያ ይደርሳል። እኔም አንጀቴ እያረረ የውሃ ተራዬን አሳልፌ ዛፎቼን ማስጠማት ጀመርኩ።

፩. በግንቦት አጋማሽ በመኪና ሲያልፉ፣ ቅጠላቸው የገረጣ ዛፎቼን አይተው ስላዘኑልኝ አመሰግናለሁ። ዛፎቹ እንግዶች በሚያልፉበት አስፋልት ዳር ባይበቅሉ ኖሮ ይህን ያህል አያዝኑም ነበር ብለው የሚያሙዎት አሉ፤ እኔ አላመንኳቸውም።

፪. ለእህቴ ልጅ ሠርግ ማጀቴ ከተማ በሄድኩበት ሰሞን የመስኖ ተራ የሚያከፋፍለውን የውሃ አባታችንን አዝዘው ቦዩን ወደ ማሳዬ ስላስከፈቱልኝ፣ ዩሪያ ማዳበሪያም ስላስጨመሩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እንግዶቹ የጉብኝቱን ቀጠሮ ሦስት ጊዜ በማራዘማቸው ዛፎቼ አምስት ሳምንት ሙሉ ሲጠጡ ከረሙ። ተመልሼ ይዘጋልኝ ብዬ ብለምን ልማት አደናቃፊ እንዳልባል በደግነት ተመከርኩ።

፫. በጉብኝቱ ዕለት ዛፎቼ ቅጠላቸው እያብረቀረቀ እንግዳ ተቀበሉ። እኔም የሞዴል አርሶ አደርነት የምስክር ወረቀት ተሸለምኩ፤ መስታወት አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። አሁን ነሐሴ ነው፤ ከአርባው ዛፍ ያገኘሁት አበባ ቢኖር በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የተሳለው ብቻ ነው።

እውነቱን ልንገርዎ፣ በጣም ከፍቶኛል። የዓመት ልፋቴ ቅጠል ሆኖ ቀረ። ቅጠሉ ተፈልቶ ሲጠጣ ለሳል መድኃኒት ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አርባ ዛፍ የሚጨርስ ሳል ያለበት ዘመድ የለኝም።

ስለዚህ በመጪው ግንቦት ዛፎቼ ሲረግፉ ቢያዩ አደራዎን አይዘኑልኝ፤ ማዘን ግድ ከሆነብዎም ጣርማ በር ተራራ ላይ ሆነው፣ ከሩቁ ይዘኑልኝ።

ዛፎቼን ሳላስፈቅድ ስላስጠማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሚቀጥለው እንግዳዎም መልካም መንገድ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሐምዲያ ያሕያ፣
ባለ ምስክር ወረቀት፣ ቀወት

ማስታወሻ፦ ዛፍ አስጠሙ ብሎ ያስተማረን አምና እርስዎ ራስዎ የከፈቱት ሥልጠና ነበር። ጎረቤቴ ጋሼ ሽፈራው ግን የሥልጠናውን ደጃፍ አልረገጡም። ለእኔ የተለቀቀው ውሃ የእሳቸው ተራ ስለነበር ዛፎቻቸው በጥም ረግፈው አጥንታቸው ቀረ። ክረምቱ ሲገባ ግን፣ ማሻአላህ፣ ቅርንጫፋቸው እስኪጠፋ ድረስ አበቡ። ያን ጊዜ ሲረግሙዎት የከረሙት ሰውዬ አሁን ጠዋት ማታ ይመርቁዎታል፤ አድርሺልኝ ስላሉኝ ምርቃታቸውን ይኸው አድርሻለሁ።